ሠዓሊው ያላየው ቀዛፊ

ስለ ጣና የተሣሉትን ሥዕሎችና የተገጠሙትን ግጥሞች በአንድነት የመረመረ ሰው አንድ እንግዳ ነገር ያስተውላል። ውኃው አለ፤ ገዳማቱ አሉ፤ ፀሐይ ትጠልቃለች፤ ታንኳዋም በመካከል ትንሳፈፋለች። በታንኳዋ ላይ የቆመው ሰው ግን ጥቁር ጥላ ብቻ ነው። ፊት የለውም።

ባልደረቦቼ «ጥበብ ውበትን ትሻለች» ብለው ይሟገቱ ይሆናል። የትኛውን ውበት? የዓሣ አጥማጆች መንደር ሲባል በባዕድ ልብ ወለድ ያነበብነው ገደላማ የባሕር ጠረፍ ትዝ ይለናል። ያን ፍለጋ ወደ ፎገራ የወረደ ከያኒ ቅር መሰኘቱ አይቀርም። ከወረታ ወደ ምዕራብ ሜዳው ዝም ብሎ ይዘረጋና የብሱ የት እንዳበቃ ሳይታወቅ ሐይቅ ይሆናል። ርብና ጉማራ በክረምት ሲሞሉ ወሰኑ ጨርሶ ይጠፋል። ለሸራ የሚመች ዐለት የለም። ስለዚህ ሠዓሊያችን መኪናውን አዙሮ ወደ ባሕር ዳር ይመለሳል፤ በዚያም ያችኑ ታንኳ ከነጥላዋ ይሥላል።

ለመሆኑ ታንኳዋን የሠራት ማን ነው? ደንገል አጭዶ፣ አድርቆና ጠፍሮ ውኃ ላይ የማቆምን ጥበብ ጠብቀው ካቆዩት መካከል በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀሱት ነገደ ወይጦ ናቸው። ጉማሬ በማደናቸውና ሥጋውን በመብላታቸው ለዘመናት «ርኩስ» ተብለው ከማዕድና ከጋብቻ ተገልለዋል። በ18ኛው መቶ ዘመን በአካባቢው ያለፈው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ፣ ከአገሩ ቋንቋዎች ሁሉ የተለየ ቋንቋ እንደሚናገሩ ጽፎ ነበር። ቋንቋው ዛሬ የለም። አንድ ቋንቋ ሲሞት ሙሾ ያላወጣ የኪነ ጥበብ ሰው በታንኳዋ ውበት ሲመሰጥ ማየት ያሳፍራል።

በ1961 ዓ.ም. ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በጥንታዊ ግብፃውያን ጀልባ አምሳል አትላንቲክን ሊያቋርጥ ሲነሣ ደንገሉ የተቆረጠው ከጣና ነው። ጀልባዋን ያበጁት ከቻድ የመጡ ባለሙያዎች ነበሩ። «ራ» የሚለው ስሟ በዓለም ተሰማ። ደንገሉን የቆረጡት እጆች የማን እንደነበሩ ከእኛ መካከል የጠየቀ አለ?

ከታንኳዋ በታች ያለውን ደግሞ እንመልከት። ዓሣ አጥማጁ ቀረሶ፣ አምባዛ፣ ነጭ ዓሣ ብሎ ይለያል። እርሱ ነጭ ዓሣ በሚለው ስም ሥር ተመራማሪዎች በዓለም በሌላ ስፍራ የማይገኙ 15 ያህል ዝርያዎች ቆጥረዋል። ከእነዚህ ሰባት ያህሉ ክረምት ሲገባ እንቁላላቸውን ለመጣል እንደ ጉማራ ባሉ ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። በ1970ዎቹ ማብቂያ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገባ፤ መረቡም በወንዞቹ መግቢያ ተዘረጋ። ዓሣው የሚያዘው እንቁላሉን ሳይጥል ነው። በ1983 እና በ1993 ዓ.ም. መካከል የእነዚህ ዓሦች ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል አሽቆለቆለ።

በዚያው በ1970ዎቹ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ርዳታ የተስፋፋው ሩዝ ረግረጉን እርሻ አደረገው። ሩዙን አልነቅፍም፤ የፎገራ ገበሬ ጓዳ ሞልቶበታል። ነገር ግን እርሻው እየገፋ ሲሄድ ደንገሉ ሸሸ። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ መጣ። ሥዕላችን ውስጥ ግን እምቦጭ አልበቀለም፤ ውኃው ዛሬም እንደ መስተዋት የጠራ ነው!

ገጣሚያኑ ይህን የሳይንስ ጉዳይ ነው ብለው ለተመራማሪ እንዲተዉት አልፈቅድም። ሐምሌ የጎተራ መጉደያ ወር ነው። በሐምሌ በጉማራ አፍ መረቡን የሚዘረጋ ሰው የነገ እንጀራውን እንደሚቆርጥ ያውቃል፤ የዛሬው ግን ከልጆቹ ፊት የለም። «አታጥምድ» የሚለው ሹም ሐምሌን ምን በልቶ እንደሚሻገር አይነግረውም። ነጋዴው ዓሣውን በርካሽ ጭኖ ይሄዳል። ደንገል ፍለጋ ርቃ የሄደችው የወይጦ እናት ባዶ እጇን ትመለሳለች። ተውኔት ጸሐፊ ከዚህ የበለጠ ምን ግጭት ይፈልጋል?

እንዲህ ያለው ተውኔት ይጻፍ። ሲጻፍም በመዲናይቱ መድረክ ከመውጣቱ በፊት በወረታ በገበያ ቀን ይታይ፤ ዓሣ አጥማጆቹና ደንገል ቆራጮቹ ከፊት ወንበር ይቀመጡ። ውሸት የተቀላቀለበትን ቃለ ተውኔት እዚያው ያርሙታል።