ትራክተር አንድ መቀመጫ አለው

በእርሻ ሰሞን በገጠር መንገዶቻችን ላይ የምናየው ነገር ከመለመዱ የተነሣ አያስደነግጠንም። መሪውን የያዘው አንድ ሰው ነው። በግራና በቀኝ በጎማዎቹ የጭቃ መከላከያ ላይ ሁለት ወጣቶች ተቀምጠዋል፤ አንዱ ከኋላ መጎተቻው ብረት ላይ ቆሟል፤ በተጎታቹ ውስጥ ደግሞ ከማዳበሪያው ጆንያ በላይ እናቶችና ሕፃናት ተጭነዋል። ትራክተሩ የተሠራው ግን ለአንድ ሰው ነው። መቀመጫውም አንድ ነው።

የእርሻ ሜካናይዜሽን መስፋፋት የምንደግፈው ጉዳይ ነው። መንግሥት በ2011 ዓ.ም የእርሻ ማሽነሪዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ ከፈቀደ ወዲህ፣ በግልም በማኅበርም ተደራጅተው ትራክተርና መውቂያ ማሽን ገዝተው የሚያከራዩ ወገኖች ዕድል አግኝተዋል። በበሬ ብዙ ቀን የሚፈጅ እርሻ በሰዓታት ሲጠናቀቅ ዝናቡ ሳያልፍ መዝራት ይቻላል። ይሁን እንጂ ማሽኑ ሲመጣ የአያያዙ ዕውቀት አብሮ ካልመጣ፣ ጉልበት ያተርፋል ያልነው መሣሪያ ጉልበቱን ራሱን ይቀጥፋል።

ጉዳዩ እንደ አምባሰል ባለ ተራራማ ወረዳ ይበልጥ ይከብዳል። የወረዳው መቀመጫ ውጫሌ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ ትገኛለች። በአካባቢው ዳገቱና ቁልቁለቱ ብዙ ነው፤ ማሳውም በእርከን የተከፋፈለ ነው። ትራክተር ደግሞ ከመሬት ከፍ ያለና ከባድ በመሆኑ ተዳፋት ላይ በቀላሉ ሚዛኑን ይስታል። አንዱ ጎማ ከእርከን ጠርዝ ሲወርድ ወደ ጎን፣ በዳገት ላይ ከአቅሙ በላይ ሲጎትት ደግሞ ወደ ኋላ ይገለበጣል። ወደ ኋላ ሲገለበጥ የፊት ጎማው ከመሬት ከተነሣበት ቅጽበት ጀምሮ ሾፌሩን እስኪጫነው ድረስ ሁለት ሰከንድ እንኳ አይሞላም። በዚህ ጊዜ ውስጥ ዘልሎ የሚያመልጥ ሰው የለም። ጭቃ መከላከያ ላይ የተቀመጠውማ እስኪገለበጥም አይጠብቅም፤ አንድ ጉድጓድ ሲነጥረው የሚወድቀው ከኋላ ጎማው ሥር ነው።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ስዊድን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1959 ጀምሮ አዲስ ትራክተር ሁሉ የመገልበጥ መከላከያ የብረት ቅስት እንዲኖረው በሕግ ካስገደደች በኋላ፣ በመገልበጥ የሚሞተው ሰው ቁጥር በእጅጉ ቀንሷል። ስለዚህ ትራክተር የሚገዛ ማኅበር ወይም ግለሰብ ከፈረስ ጉልበቱ አስቀድሞ ቅስቱንና ቀበቶውን ይመልከት። ቅስት ያለው ትራክተር ላይ ቀበቶ መታሰር አለበት። ቅስት በሌለው ላይ ግን ቀበቶው ሾፌሩን ከማሽኑ ጋር አስሮ ስለሚያስቀረው አይታሰርም። ቅስቱን ጥላ ለመሥራት ወይም በዛፍ ሥር ለማለፍ ብሎ መፍታት ሕይወትን ፈትቶ እንደ መጣል ነው።

የአነዳዱም ሥርዓት ከባድ አይደለም። ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ከባድ ማርሽ ማስገባት እንጂ ነዳጅ ለመቆጠብ ፍሪ አድርጎ መልቀቅ አይገባም። በማሳ ውስጥ ለመታጠፍ ለየብቻ የሚረገጡት የግራና የቀኝ ፍሬኖች መንገድ ላይ ሲወጣ በማያያዣቸው መቆለፍ አለባቸው፤ አለዚያ አንዱ ብቻ ሲረገጥ ትራክተሩ ባንድ ጎን ይዞ ይዞራል። ጭነት የሚጎተተው ከተሠራለት ዝቅተኛ መጎተቻ ብቻ ነው፤ ከፍ አድርጎ ማሰር ፊቱን ያስነሣል። ከእርከንና ከቦይ ጠርዝ ቢያንስ የገደሉን ጥልቀት ያህል መራቅ ያስፈልጋል። ሲመሽ መብራት የሌለው፣ የተጎታቹ አንጸባራቂ በጭቃ የተሸፈነ ትራክተር በአውራ መንገድ ላይ ለከባድ መኪና ሾፌር አይታይም።

ለገበሬው ሌላው ስውር አደጋ ከትራክተሩ ጀርባ የሚሽከረከረው ፒቲኦ የሚባለው ዘንግ ነው። ይህ ዘንግ በተለመደው ፍጥነቱ በደቂቃ 540 ጊዜ፣ በሰከንድ 9 ጊዜ ይዞራል። የጋቢን ወይም የነጠላን ጫፍ ከያዘ በአንድ ሰከንድ ሁለት ሜትር ያህል ጨርቅ ይጠቀልላል፤ ሰውየውም አብሮ ይሄዳል። በአውድማ ላይ ጋቢ ደርቦ መቆም ባህላችን ነው፤ በሚሠራ መውቂያ አጠገብ ግን ጋቢው ይውለቅ፣ ነጠላው ይቀመጥ፣ ሕፃናትም ይራቁ። የዘንጉ መሸፈኛ ከተሰበረ ሥራው ይቁም። የተወተፈ ጭድ የሚወጣው ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ በሾፌሩ ኪስ ከገባ በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ ሾፌሮች አያውቁም ማለት ያስቸግራል። ብዙ ጊዜ የሚያሸንፋቸው ይሉኝታ ነው። መንገድ ላይ የደከሙ አባት እጃቸውን ሲያነሡ አልጭንም ማለት ነውር ይመስላል። ማሳውን ያከራየው ገበሬም ድንበሩን ለማሳየት አብሮ ልውጣ ሲል እንቢ ማለት ይከብዳል። የትራንስፖርት እጥረቱም እውነት ነው። ነገር ግን ከሐዘን ድንኳን የሚያድን እንቢታ ነውር አይደለም። ሽማግሌዎቻችን «ከመሞት መሰንበት» የሚሉት ለዚህ ነው። ድንበሩን በእግር አስቀድሞ ማሳየት ይቻላል።

ሸክሙን ለሾፌሩ ብቻ መጣል ግን ፍትሐዊ አይሆንም። በአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 የተደነገገው መንጃ ፈቃድ ለትራክተርም እንደሚያስፈልግ ባለቤቶች ይወቁ፤ መሪውን ለረዳት ወይም ለልጅ አይስጡ። ሾፌርን በታረሰ ሄክታር ልክ ብቻ መክፈል ጥድፊያን እንደሚጋብዝም ያስቡበት። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ማሽን ሲያስረክቡ ወይም ሲያስተባብሩ ከቁልፉ ጋር ሥልጠናውንም ይስጡ። የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ስለ ዘርና ማዳበሪያ እንደሚያስተምሩት ስለ ዘንጉና ስለ ቅስቱም ያስተምሩ። የትራፊክ ፖሊስ በአውራ መንገድ ላይ ሰው የጫነ ተጎታችን በዝምታ አይለፍ። የቀበሌ አመራሮችም በእርሻና በውቂያ ሰሞን ጉዳዩን የስብሰባ አጀንዳ ያድርጉት።

ከዚህ ውስጥ አብዛኛው በጀት አይጠይቅም። ዛሬ ማለዳ ትራክተሩን የሚያስነሣ ሾፌር ዙሪያውን ይመልከት፤ ከእርሱ ሌላ የተሳፈረ ካለ ያውርድ። መቀመጫው አንድ ነውና።