ለኮር አይ 7 የሚሸጥ በሬ

ዓባይ ከጎጃም በሚለየው ወግዲም ሆነ በጎረቤቱ ቦረና፣ ልጁን ዩኒቨርሲቲ የሚልክ ቤተሰብ ላፕቶፕ ለመግዛት ሲነሳ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፤ «ኮር አይ 7 ይሁን»። ሻጩም ይህን ያውቃልና ዋጋውን በዚሁ ቁጥር ላይ ይቆልላል። በሬ ተሸጦ ለሚገዛ ዕቃ ይህ ምክር ትክክል አይደለም። ብር ለገበያ ከተለቀቀበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህማ፣ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ በመውጣቱ፣ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚሠራ ስሕተት የቤተሰቡን ጥሪት ይበልጥ ይጎዳል።

7 የሚለው ቁጥር የሚናገረው ፕሮሰሰሩ በራሱ ጀነሬሽን ውስጥ ያለውን ደረጃ ብቻ ነው፤ መቼ እንደተሠራ አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው አይ 7-7500ዩ ሁለት ኮር ብቻ ያለው ሲሆን፣ በዓመቱ የመጣው አይ 5-8250ዩ ግን አራት ኮር አለው። የኋለኛው በስሙ ቢያንስም በሥራ ይበልጣል። ጀነሬሽኑ የሚታወቀው ከሰረዙ በኋላ ባለው ቁጥር ነው፤ 7500 ሰባተኛ፣ 8250 ስምንተኛ ማለት ነው። ልዩነቱ በፍጥነት ብቻ አያበቃም። ዊንዶውስ 11 ከጥቂቶች በቀር ከስምንተኛው በፊት የነበሩትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ አይቀበልም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። እንግዲህ ያረጀ አይ 7 በውድ የገዛ ሰው፣ ድጋፉ ያለቀ ማሽን ይዞ ቤቱ ገባ ማለት ነው።

ደግሞም «ኮምፒውተሬ ተንቀረፈፈ» ከሚሉት ብዙዎቹን ያስቸገራቸው ፕሮሰሰሩ አይደለም። ሃርድ ዲስክ ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ሲከፈት ታስክ ማናጀርን ማየት ይበቃል፤ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ሳለ ዲስኩ 100 በመቶ ተይዟል። ያንኑ ማሽን ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ ኤስኤስዲ ቢያስገቡበት፣ ራሙንም 8 ጊጋባይት ቢያደርሱት ሌላ ዕቃ ይሆናል። የአካውንቲንግ ተማሪ ፒችትሪና ኤክሴል ይከፍታል፤ ለመመረቂያ ጽሑፉ ኤስፒኤስኤስ ይጨምር ይሆናል። መካነ ሰላም ላይ ማመልከቻ የሚጽፍ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤትም ወርድና ፓወር ግዕዝ ይበቃዋል። ከእነዚህ አንዱም አይ 7 አይጠይቅም። የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ወይም የሕንፃ ንድፍ በሦስት ገጽታ የሚሠራ ሰው ግን ጠንካራ ፕሮሰሰርና ግራፊክስ ካርድ ያስፈልገዋል፤ ለእሱ ወጪው ተገቢ ነው። የእሱ ፍላጎት ለሁሉም መለኪያ መሆኑ ነው ጥፋቱ።

«አንዴ ከተገዛ አይቀር ለወደፊቱም የሚሆን ይሁን» የሚል ክርክር ይነሳል። ሐሳቡ ክብደት አለው፤ ወግዲ ያለ ሰው በየሁለት ዓመቱ ላፕቶፕ አይቀይርም። ነገር ግን ለወደፊቱ የሚሆነው ተከፍቶ የሚጠገንና የሚታከልበት ነው። ዛሬ አዲስ ከሚሸጡት ስስ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ራማቸው ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፤ 4 ጊጋባይት ሆኖ ከተገዛ 4 ሆኖ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2018 ለቢሮ ሥራ የተሠራው ቲንክፓድ ቲ480 ግን ሁለት የራም ማስገቢያ አለው፤ የኋላ ባትሪውም ያለ ካቻቢቴ ከውጭ ይነቀላል። ፎቶ ኮፒ ቤት ለሚከፍት ደግሞ ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ይሻለዋል፤ ከአይ 7 የተረፈው ገንዘብ ዩፒኤስ ይግዛበት። መብራት ድንገት ሲጠፋ የደንበኛውን ያልተቀመጠ ጽሑፍ የሚያተርፈው እሱ ነው። ክፍሎቹን ለየብቻ ገዝቶ ማገጣጠም ደስ ይላል፤ አንዱ ሲበላሽ መለዋወጫውና ባለሙያው ቅርብ ላልሆነለት ግን አልመክርም።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ «ያገለገለ ዕቃ ሰው የጣለው ነው» የሚለው ነው። ሥጋቱ እውነት አለው፤ በተለይ ባትሪ ላይ። መፍትሔው ማየት ነው። ከዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርት ማውጣት ደቂቃ አይፈጅም፤ ባትሪው ሲሠራ የነበረውን አቅምና አሁን ሞልቶ የሚይዘውን ለይቶ ያሳያል። የአሁኑ ከግማሽ በታች ከሆነ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከሒሳቡ ይቀነስ። የፕሮሰሰሩ ሙሉ ቁጥር፣ ራሙና የዲስኩ ዓይነትም እዚያው ስክሪኑ ላይ ይነበቡ፤ የተለጠፈው ስቲከር አይታመን። ደሴ ላይ የተገዛ ላፕቶፕ ወግዲ ደርሶ ጉድለቱ ቢታወቅ መመለሻው ሌላ ጉዞና ሌላ ወጪ ነውና፣ ይህ ሁሉ ገንዘቡ ሳይቆጠር ሱቁ ውስጥ ይለቅ።