ሞተ ከማለታችን በፊት

ባለፈው ሳምንት በሐይቅ ከተማ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ አሮጌ ላፕቶፑን በብብቱ ይዞ፣ ፊቱን አጥቁሮ ከደጃፌ ደረሰ። ልጁ ቀን በአምባሰል በጸሐፊነት ይሠራል፤ ማታ የርቀት ትምህርት ይከታተላል። ስልኩ ተራ የቁልፍ ስልክ ስለ ሆነ ከደመወዙ ቆጥቦ የዩኤስቢ ሞደም ገዝቶ ነበር።

«መምህር፣ ሞደሙ ሞቷል። ላፕቶፑ ጨርሶ አላየውም። ነገ ገበያ ላይ በግማሽ ዋጋ ልሸጠው ነው» አለኝ።

«ቆይ፤ ሞተ ከማለታችን በፊት እንመርምረው» አልሁት።

ላፕቶፑ የሚሠራው በሊኑክስ ነው። ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የጀመረው፣ ያለ ክፍያ የሚገኝ ሥርዓት ነው። የሞደሙ ነገር ግን እንዲህ ነው፤ የዚህ ዓይነቱ ሞደም ሁለት ፊት አለው። ሲሰኩት በመጀመሪያ ራሱን የሚያስተዋውቀው ሲዲ ነኝ ብሎ ነው፤ በውስጡም ለዊንዶውስ የተሰናዳ ፕሮግራም ተቀምጧል። ዊንዶውስ ላይ ያ ፕሮግራም ተጭኖ «አሁን ሞደም ሁን» ብሎ ያዝዘዋል። በሊኑክስ ላይ ግን ሌላ አዛዥ ከሌለ፣ «ግባ» የሚለው እንዳጣ እንግዳ ደጅ ቆሞ ይቀራል።

በተርሚናሉ ላይ «ኤልኤስዩኤስቢ» የተባለውን ትእዛዝ ሰጠን። የሞደሙ ስም ከዝርዝሩ ውስጥ ተገኘ። ባይገኝ ኖሮ ጥፋቱን ከመሰኪያው፣ ከማራዘሚያው ገመድ ወይም ከሞደሙ ከራሱ እንፈልግ ነበር። ቀጥለን የፋይሎቹን መስኮት ብንከፍት፣ ሲዲ መስሎ ተቀምጧል። በሽታው ታወቀ!

መድኃኒቱ «ዩኤስቢ ሞድስዊች» የሚባል ነፃ ፕሮግራም ነው። በብዙ የሊኑክስ ዓይነቶች አብሮ ይመጣል፤ በዚህኛው ግን አልነበረም። ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔቱን ለማግኘት ደግሞ ፕሮግራሙ! ቋጠሮውን የፈታው የእኔ ስልክ ነው፤ በዩኤስቢ ገመድ አገናኝተን ኢንተርኔቱን ለላፕቶፑ አጋራነው። ፕሮግራሙ ከተጫነ በኋላ ሞደሙን ነቅለን ብንሰካው፣ ላፕቶፑ ሞደምነቱን አውቆ የሲም ካርዱን የሚስጥር ቁጥር ጠየቀ። የልጁ ፊት ያን ጊዜ በራ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፤ መሣሪያ አልታይ ሲል የለም ማለት አይደለም። ኮምፒዩተሩ አየው ወይ? ያየውስ ምን ነው ብሎ ነው? የሚያዝዘውስ ፕሮግራም አለ ወይ? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በተራ ሳትጠይቁ፣ ላባችሁን ያፈሰሳችሁበትን ዕቃ ወደ ገበያ አታውጡ።