በአንድ ፊደል የገባ በአንድ ቃል ይውጣ



በገበያችን ሽምብራውን በእጁ ዘግኖ ዋጋ ጠይቆ የሄደ ሰው «ክፈል» ተብሎ አይያዝም። ይህ ልማድ ብቻ አይደለም፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ዕቃውን በማየቱ ወይም በዋጋ በመደራደሩ ምክንያት ብቻ እንዲገዛ እንደማይገደድ ደንግጓል። በእጅ ስልክ ላይ ግን መብቱ የሚሠራ አይመስልም።

የጤና ምክር፣ የስፖርት ዜና፣ ሽልማት አለው የተባለ ጥያቄና መልስ በአጭር ቁጥር ይላካል። አንድ ፊደል የመለሰ ሰው ሳያስበው የየዕለት ከፋይ ይሆናል። በቀን 2 ብር ቢቆረጥ በወር 60፣ በዓመት 730 ብር ነው። የጀበና ቡና ሸጣ የምታድር እናት ካርድ ሞልታ ልጇ ዘንድ ልትደውል ስትል «ቀሪ ሂሳብዎ በቂ አይደለም» ትባላለች።

መውጫውስ? በአብዛኛው «ስቶፕ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በላቲን ፊደል ጽፎ መላክ ነው። ግብዣው በአማርኛ፣ ስንብቱ በእንግሊዝኛ! አባሎቻችን ለቅስቀሳ ወጥተው የእናቶችን ስልክ እየተቀበሉ መልእክት ሲያቋርጡ የዋሉበት ቀን አለ።

ችግሩ የሚጸናው ያለ ምክንያት አይደለም። መልእክቱን የሚያዘጋጁት ድርጅቶች ገቢውን ከስልክ አገልግሎት ሰጪው ጋር ይካፈላሉ፤ ስለሆነም የመጀመሪያው አቤቱታ ሰሚ ራሱ ተካፋይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቆጣጣሪ ነው፤ ነገር ግን ከኮላ ድባ አዲስ አበባ ድረስ ስለ 60 ብር አቤት የሚል ማን ነው?

የሕንድ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2013 ደንበኛው ሁለት ጊዜ ፈቃዱን ካልገለጸ ክፍያ እንዳይጀመር አዟል። ለማቋረጫም የሁሉም ድርጅቶች ደንበኞች የሚጠቀሙበት አንድ ነጻ ቁጥር አለ።

ፓርቲያችን በድምፃችሁ ሲመረጥ ይህንኑ በሕግ ያስደነግጋል። ክፍያ ከመጀመሩ በፊት ዋጋውን የሚናገር ሁለተኛ መልእክት ይላካል፤ ዝም ያለ እንዳልተስማማ ይቆጠራል። «ይቅር» ብሎ በአማርኛ የጻፈ ወዲያው ይሰናበታል፤ መጻፍ የማይችል በአንድ የጋራ ቁጥር በነጻ ደውሎ በቃሉ ያቋርጣል። ደንበኛው መስማማቱን የማስረዳት ግዴታም የአስከፋዩ ይሆናል፤ ማስረዳት ካልቻለ የቆረጠውን ሁሉ ወደ ደንበኛው ሂሳብ ይመልሳል፣ ተካፋዩም ድርሻውን አብሮ ይመልሳል።