በድምፅ ጠይቆ በድምፅ መረዳት፦ የዲጂታል ድምፅ ረዳቶች ለአገልግሎት ፈላጊው ያላቸው ጠቀሜታና የሚጠይቁት ጥንቃቄ

ጥያቄን ጽፎ ከመፈለግ ይልቅ ስልክን ወደ አፍ አስጠግቶ በቃል መጠየቅና መልሱን በጆሮ መስማት በዓለም አቀፍ ደረጃ እየተለመደ መጥቷል። አሠራሩ በአገራችንም በተለይ የፊደል ገበታውን ተጠቅመው መጻፍ ለሚከብዳቸው ዜጎች አዲስ በር እየከፈተ ይገኛል። ይሁን እንጂ የመንግሥት አገልግሎትን የሚመለከት መልስ ከሌላው መልስ ይለያል። የቀጠሮ ሰዓት፣ የሚያስፈልግ ሰነድ ወይም የአገልግሎት ክፍያ በስሕተት ከተነገረ ተገልጋዩ የሚያጣው ጊዜውንና ገንዘቡን፣ አንዳንዴም መብቱን ነው። ይህ ጽሑፍ ጉዳዩን ከአገልግሎት ፈላጊው አንጻር ይመለከታል።

የአቃቂ ቃሊቲ ተገልጋይ

አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ለዚህ ጉዳይ ተስማሚ ማሳያ ነው። በአንድ በኩል የረጅም ዘመን የኢንዱስትሪ መንደር በመሆኑ በፈረቃ የሚሠሩ በርካታ ሠራተኞች ይኖሩበታል። በሌላ በኩል እንደ ቱሉ ዲምቱ ያሉ ሰፋፊ የጋራ መኖሪያ ቤት ሳይቶችን የያዘ ሲሆን፣ ከኦሮሚያ ክልል ጋር የሚዋሰን በመሆኑም አማርኛና አፋን ኦሮሞ ጎን ለጎን ይነገሩበታል። የፈረቃ ሠራተኛ ወደ ቢሮ የሚሄድባት ግማሽ ቀን ከእረፍቱ ወይም ከደመወዙ የምትቀነስ ናት። ስለዚህ “የልደት ምዝገባ ለማስፈጸም ምን ይዤ ልምጣ?” የሚለውን ጥያቄ ከመነሣቱ በፊት በስልኩ ጠይቆ ትክክለኛ መልስ ቢያገኝ ጥቅሙ ቀላል አይደለም።

አቃቂ በድምፅ መረጃ ታሪክም የራሷ ስፍራ አላት። ከጣሊያን ወረራ በፊት በ1920ዎቹ ዓ.ም. የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የሬዲዮ ስርጭት የተጀመረው በአቃቂ በተተከለው ጣቢያ ነበር። ከዚያን ጊዜ አንሥቶ ሬዲዮ፣ ማንበብ ለማይችለውም ኅብረተሰብ መረጃ ሲያደርስ ኖሯል። አሁን የመጣው ለውጥ አድማጩ መልሶ መጠየቅ መቻሉ ነው።

ከተቀዳ ድምፅ ወደሚመልስ ማሽን

በድምፅ አገልግሎት መስጠት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ አማካይነት በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው 8028 ነጻ የስልክ መስመር፣ አርሶ አደሩ በተራ የእጅ ስልክ ቁጥር እየተጫነ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ የግብርና ምክር እንዲያዳምጥ አስችሏል። ለዚህም ኢንተርኔትም ሆነ ዘመናዊ ስልክ አላስፈለገውም።

ዓለም አቀፍ ኩባንያዎች ያቀረቧቸው የድምፅ ረዳቶች ግን አማርኛን ዘግይተው ነው ያገኙት። እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነው ሲሪም ሆነ በ2014 ገበያ ላይ የዋለው አሌክሳ ሲጀምሩ አማርኛን አላካተቱም። ጉግል በድምፅ የመጻፍና የመፈለግ አገልግሎቱን ለ30 ተጨማሪ ቋንቋዎችና የቋንቋ ዝርያዎች ሲያስፋፋ አማርኛን የጨመረው በነሐሴ 2009 ዓ.ም. ነው።

የመዘግየቱ ዋነኛ ምክንያት የመማሪያ ድምፅ እጥረት ነው። ማሽን አንድን ቋንቋ ለመስማት የሚማረው የተቀዳ ንግግርን ከጽሑፉ ጋር በማዛመድ ነው። በ1997 ዓ.ም. ዶክተር ሰለሞን ተፈራ አባተና የሥራ ባልደረቦቻቸው ለአማርኛ ያዘጋጁት የንግግር ክምችት 20 ሰዓት ያህል ርዝመት የነበረው ሲሆን ለዘርፉ ምርምር መሠረት ከጣሉ ሥራዎች አንዱ ነው። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ የተደረገው ዊስፐር የተሰኘው ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ሥርዓት የሠለጠነው በ680,000 ሰዓት ድምፅ ሲሆን፣ አብዛኛው እንግሊዝኛ ነበር። ማሽኖቹ እንግሊዝኛን አጥርተው ሲሰሙ በአማርኛ የሚደነቃቀፉት በዚህ ምክንያት ነው።

ተገልጋዩ ሊያስተውለው የሚገባ አንድ መሠረታዊ ልዩነትም አለ። እንደ 8028 ባለ መስመር የሚሰማው በባለሙያ ተዘጋጅቶ የተቀዳ መልእክት ነው። አዲሶቹ በአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ የሚሠሩ ረዳቶች ግን መልሱን ከተለያዩ ጽሑፎች ቃርመው በራሳቸው ያቀናብራሉ። በመሆኑም ያልተረጋገጠውንም ጉዳይ እንደተረጋገጠው ሁሉ በእርግጠኛ ድምፅ ሊናገሩት ይችላሉ።

ስሕተቱ የሚበዛባቸው ቦታዎች

የመጀመሪያው የሰዓት አቆጣጠር ነው። “ቀጠሮዬ ነገ ሦስት ሰዓት ነውና አስታውሰኝ” የተባለ ረዳት፣ ሦስት ሰዓትን በውጭው አቆጣጠር ወስዶ ማስታወሻውን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢሞላው ተገልጋዩ ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይደርሳል።

ሁለተኛው ቀንና ዓመተ ምሕረት ነው። “መስከረም 20” የሚለውን ቀን ማሽኑ በቀጥታ “ሴፕቴምበር 20” ብሎ ቢተረጉመው አሥር ወይም አሥራ አንድ ቀን ይሳሳታል፤ ምክንያቱም መስከረም 20 እንደ ዓመቱ ሴፕቴምበር 30 ወይም ኦክቶበር 1 ላይ ይውላል። “በ2010 የወጣ የክፍያ ተመን” የሚለው አነጋገርም የትኛውን የዘመን አቆጣጠር እንደሚያመለክት ካልተገለጸ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ያመጣል።

ሦስተኛው የስም አጻጻፍ ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በዛሬው አማርኛ አነጋገር አንድ ዓይነት ድምፅ አላቸው። ማሽኑ “ፀሐይ” ሲባል “ጸሃይ” ብሎ ሊጽፍ ይችላል። በንግግር ልዩነት ባይኖረውም በመዝገብና በመታወቂያ ላይ ያለው ፊደል ከማመልከቻው ጋር ሳይመሳሰል ሲቀር ተገልጋዩን ለመመላለስ ይዳርጋል። በተቃራኒው ደግሞ ማጥበቅና ማላላት በጽሑፍ ስለማይታይ፣ ረዳቱ ጽሑፍን ጮክ ብሎ ሲያነብ “ገና” የሚለውን ቃል በዓሉን ይሁን “እስካሁን” ማለቱን አደባልቆ ሊያነብ ይችላል።

ድምፅም የግል መረጃ ነው

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ዜጎች ስለራሳቸው የተሰበሰበውን መረጃ የማወቅና የተሳሳተውን የማሳረም መብት እንዲኖራቸው ደንግጓል። ለድምፅ ረዳት የሚነገር ጥያቄ በአብዛኛው በኢንተርኔት አማካይነት ወደ ሌላ ስፍራ ተልኮ የሚተነተን በመሆኑ፣ ሰዎች በተሰበሰቡበት ታክሲ ውስጥ ሆኖ የፋይዳ ቁጥርን ወይም የጤና ጉዳይን ጮክ ብሎ መናገር በሁለት በኩል ያጋልጣል፤ አጠገብ የተቀመጠውም ይሰማል፣ ንግግሩም ተቀድቶ ሊቀመጥ ይችላል።

በሌላ በኩል የሰውን ድምፅ አስመስሎ መናገር የሚችል ቴክኖሎጂ ተስፋፍቷል። ስለዚህ በስልክ የተሰማ ድምፅ የዘመድ ወይም የሚያውቁት ሠራተኛ ድምፅ ቢመስልም ብቻውን የማንነት ማረጋገጫ ሊሆን አይገባም።

ተገልጋዮች ምን ማድረግ ይገባቸዋል?

1. ከድምፅ ረዳት ያገኙትን መልስ እንደ መነሻ እንጂ እንደ ውሳኔ አይውሰዱ። ስለ ሰነድና ክፍያ የተነገረዎትን ከመሥሪያ ቤቱ ይፋዊ ገጽ ወይም የስልክ መስመር ያረጋግጡ።

2. ሰዓት ሲናገሩ “ከጠዋቱ”፣ “ከቀኑ” ወይም “ከምሽቱ” ብለው ይጨምሩ። ረዳቱ የመዘገበውንም በዐይንዎ ይመልከቱ።

3. ዓመትና ቀን ሲጠይቁ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን ይግለጹ።

4. በድምፅ ያስጻፉትን ስም ከመላክዎ በፊት በመታወቂያዎ ላይ ካለው ፊደል ጋር ያመሳክሩ። ማንበብ የሚከብድዎት ከሆነ የሚያምኑት ሰው እንዲያነብልዎ ያድርጉ።

5. የምሥጢር ቁጥርና በአጭር መልእክት የሚላክልዎትን የማረጋገጫ ኮድ ለማሽንም ሆነ ለደዋይ አይናገሩ።

የመሥሪያ ቤቶች ድርሻ

ጥንቃቄው ለተገልጋዩ ብቻ የሚተው አይደለም። ረዳቱ መልስ የሚሰጠው ተጽፎ ካገኘው ነው። ብዙ ጊዜ ማስታወቂያዎች ታትመውና ማኅተም አርፎባቸው በፎቶግራፍ መልክ በማኅበራዊ ትስስር ገጾች ይለቀቃሉ። እንዲህ ያለውን ምስል ማሽን አጥርቶ ለማንበብ ስለሚቸገር በምትኩ የቆየ ወይም የሌላ ከተማን መረጃ ሊያቀርብ ይችላል። የተሻረ መመሪያ ከገጽ ላይ ካልተነሣም እንደጸና ሕግ ተነብቦ ይነገራል።

እንደ መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ያሉ አሠራሮች የተለያዩ ተቋማትን በአንድ ጣሪያ ሥር ለማሰባሰብ መጀመራቸው ለዚህ ጥሩ መንደርደሪያ ነው። ቀጣዩ ሥራ እያንዳንዱ ተቋም የአገልግሎት መስፈርቱን፣ ክፍያውንና የሥራ ሰዓቱን በጽሑፍ፣ የወጣበትን ቀን ከነዘመን አቆጣጠሩ ጠቅሶ ማስፈር ነው። እንደ አቃቂ ቃሊቲ ባሉ አካባቢዎች ደግሞ ይኸው መረጃ በአፋን ኦሮሞም እኩል ሊዘጋጅ ይገባዋል።

መረጃው በዚህ መልክ ሲደራጅ ከፈረቃ የወጣው ሠራተኛም ሆነ ፊደል ያልቆጠሩት እናት በራሳቸው አንደበት ጠይቀው ትክክለኛውን መልስ የማግኘት ዕድላቸው ይሰፋል። እስከዚያው ግን በጆሮ የሰሙትን ከቤት ከመውጣትዎ በፊት ማረጋገጥ ከመመላለስ ያድንዎታል።