«ሣር ቆጠራ» ልማር ወይስ ጅዳ ልሂድ?

ሰሞኑን አንድ ደብዳቤ በቦርሳዬ ይዤ ስዞር ነው የከረምኩት። ጸሐፊዋ የ19 ዓመት ልጅ ናት፤ ከከሚሴ ብዙ ሳይርቅ፣ ከደዋ ጨፋ ወረዳ። ስሟን እንዳላወጣ ለምናኛለች፤ ባትለምነኝም አላወጣውም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትና ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ አላገኘችም። ግብርና ኮሌጅ አመለከተች፤ የደረሳት ክፍል «የተፈጥሮ ሀብት» ሆነ። እሷ ደስ ብሏታል፤ ቤቱ ግን ታመሰ። ጅዳ ያለችው ታላቅ እህቷ «ፓስፖርትሽን አውጪ፣ ገንዘቡን እኔ እልካለሁ» አለች። ጎረቤቱ «አፈር ልትማሪ ነው?» ብሎ ሳቀ። አባቷ ደግሞ የሁሉንም አፍ የሚያዘጋ ቃል አመጡ፦ «ልጄ ሣር ቆጠራ ተምራ ምን ልትሆን?»

እህቴ፣ እኔም አሥራ ሁለተኛን የጨረስኩት እዚያው ከሚሴ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የኮሌጅ ደጃፍ አልረገጥኩም። ዓረብ አገር የሄዱ የክፍል ጓደኞቼን ግን ቆጥሬ አልጨርሳቸውም። ስለዚህ የጅዳውን ነገር በፌዝ አላልፈውም። ከተማችን ውስጥ በእነሱ ላብ የቆመው ቤት፣ የተዳረው ወንድም፣ የታከመችው እናት ቀላል አይደለም። ግን ደግሞ 2006 ዓ.ም.ን አስታውሺ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ተባርረው ሲመለሱ ብዙዎቹ ይዘው የመጡት ፌስታል ነበር። ያንቺን ጉዳይ የያዘው ደላላ ደግሞ በጅቡቲ በኩል፣ በባሕር ነው ይላል አሉ። እዚህ ላይ ቋንቋዬን አላለሳልስም፦ በዚያ መንገድ አትሂጂ! መሄድ ካለብሽም በሕጋዊ ውል ይሁን።

አሁን ወደ አባትሽ ሣር ልምጣ። አባትሽ ከብት አርቢ ናቸው ብለሻል። ታዲያ ከብቶቹ በበጋ የት ነው የሚውሉት? ጨፋ አይደል እንዴ! ቦርከና ከደሴ በኩል ወርዶ፣ ኮምቦልቻን አቋርጦ፣ ወደ አዋሽ ከመጓዙ በፊት የሚተኛበት ያ ረግረግ ማለት ነው። ረግረግ እንደ ስፖንጅ ነው፤ የክረምቱን ውሃ ጠጥቶ ይይዝና በበጋ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ሌላው ሜዳ ሲነድ ጨፋ አረንጓዴ የሚሆነው በዚህ ነው። በ1994 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ የተባበሩት መንግሥታት የአስቸኳይ ጊዜ ክፍል ያወጣው ዘገባ ጨፋን «የ50,000 አርብቶ አደሮችና የ200,000 እንስሳት መጠጊያ» ብሎታል። አፋሩም ኦሮሞውም ከብቱን እየነዳ የመጣው ለዚያ ሣር ነው። አባትሽ ያን ዘመን ከእኔ ይልቅ ያስታውሱታል።

እና ይሄ ሣር ዛሬ ስንት ነው? ስንቱ ታርሷል፣ ስንቱ ተጠንፍፏል፣ ስንት ከብት ይችላል? ይህን የሚያውቀው የሚቆጥር ሰው ብቻ ነው። ቆጠራ ካልን፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ያሉበት ቡድን ጨፋ ድረስ መጥቶ የውሃ ውስጥ ነፍሳትና ወፍ ቆጥሮ ሄዷል! ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሟል። ነገሩ የሚያስቅ ይመስላል፤ ግን አንዳንዱ ነፍሳት ቆሻሻ ውሃ ውስጥ አንድ ቀን አያድርም፣ ሌላው ደግሞ ቆሻሻ ካልሆነ አይደላውም። ማን እንዳለና ማን እንደጠፋ ከቆጠርሽ ውሃው መታመሙን ታውቂያለሽ። ደቡብ ወሎ ማይባርም እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ የስዊስና የግብርና ሚኒስቴር ባለሙያዎች ዝናብ ከማሳ ያጠበውን አፈር በገንዳ እየያዙ ሲመዝኑ ኖረዋል። ያን ጊዜም «አፈር የሚመዝኑ እብዶች» ያለ ሰው አይጠፋም።

ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ እግረ መንገድሽን የጻፍሽው ነገር ደግሞ በጣም ገርሞኛል። የላማችሁ ወተት ዘንድሮ መረረ፣ እናትሽም «ዓይን በልቷት ነው» ይላሉ። እህቴ፣ ላሚቱን ሳላያት መማል አልችልም፤ ግን እስቲ የምትግጥበትን ቦታ ዞረሽ እዪ። ነጫጭ ጥቃቅን አበባ ያለው፣ መንገድ ዳርና ግጦሽ ላይ የሚንጋጋ አረም አለ፤ የቅንጬ አረም ይሉታል። አገሩ አሜሪካ ነው፤ ወደ እኛ ከእርዳታ እህል ጋር ተቀላቅሎ ገባ ይባላል። አንዱ ተክል በሺህ የሚቆጠር ዘር ይበትናል፣ ሣሩን ይውጠዋል፣ የነካውን ሰው ቆዳ ያሳክካል። ላም ስትበላው ወተቷ ይመርራል! አበባ ሳያወጣ፣ እጅን ሸፍኖ መንቀል ነው። ይህንን ነው እንግዲህ የተፈጥሮ ሀብት ተማሪ የሚማረው።

ቦርከናም ሌላ ጣጣ አለበት። ወንዙ ኮምቦልቻ ሲደርስ የጨርቃ ጨርቁን፣ የቆዳውን፣ የቢራውን ፋብሪካ አካባቢ አልፎ ነው ወደ እናንተ የሚወርደው። ቆዳ የሚለፋው በክሮሚየም ነው፤ ክሮሚየም ደግሞ ሳይጣራ ወንዝ ከገባ ከውሃው ጋር ተጉዞ ከብት የሚጠጣበት ይደርሳል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ 299 እና የብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300 ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ወጥተዋል። አዋጁ ግን በራሱ እግር ወንዝ አይወርድም፤ ጠርሙስ ይዞ ናሙና የሚቀዳ ሰው ይፈልጋል።

በቃ፣ ማሞገሱን ላቁም። ችግሩን ካልነገርኩሽ ደላላ ሆንኩ ማለት ነው።

የኮምቦልቻ ግብርና ኮሌጅ ከወረታው ጋር ሆኖ ለዓመታት የልማት ሠራተኞችን ሲያሠለጥን የኖረ ነው። ለአንድ ቀበሌ ሦስት ሠራተኛ ይመደባል ነው አሠራሩ፦ አንዱ ለሰብል፣ አንዱ ለእንስሳት፣ አንዱ ለተፈጥሮ ሀብት። ሥልጠናው በመመሪያው 70 ከመቶ ተግባር ነው፤ ችግኝ ጣቢያ ትውያለሽ፣ የእርከን ልክ ትይዣለሽ፣ ክትር ትሠሪያለሽ፣ ዳገት በእግርሽ ትወጫለሽ። ስትጨርሺ የብቃት ምዘና አለ፤ እሱን ካላለፍሽ ዲፕሎማው ብቻውን አያስቀጥርሽም። ከተቀጠርሽም ደመወዙ ትንሽ ነው፤ እህትሽ ከምትልከው ጋር አይወዳደርም። ከ2003 ወዲህ በየዓመቱ በበጋ የሚደረገው የተፋሰስ ዘመቻ ሲመጣ ደግሞ አባትሽን የሚያህሉ ሽማግሌዎችን «አባባ፣ እርከኑ ተጣሟል» ማለት ይኖርብሻል። ከባድ ነው! በ2013ና በ2014 አካባቢው ያየውንም አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ምደባ ሲመጣ የቀበሌውን ሰላም ጠይቆ መቀበል ነውር የለውም።

አንድ ነገር ልበልሽ፤ አባትሽ የፈሩት ሣሩን አይመስለኝም። «ገጠር ብቻዋን ተመድባ ማን ያገባታል?» ያሉት ነው ነገሩ። ይህ ፍርሃት የሚቃለለው በክርክር አይደለም። በወረዳችሁ ውስጥ የምትሠራ፣ ያገባች፣ ልጆች ያሏት የልማት ሠራተኛ ፈልጊና ቤታችሁ ቡና ጥሪያት። አባትሽ እሷን ይጠይቋት፤ አንቺ ዝም በዪ።

አንቺ ሌላው የሌለው ነገርም አለሽ። ኦሮምኛውንም አማርኛውንም ትችያለሽ። በዞናችን የመንግሥት ሥራውም ትምህርቱም በኦሮምኛ ነው፤ ከሩቅ የመጣ ባለሙያ ጀርሳ ፊት ቆሞ አስተርጓሚ ሲፈልግ አንቺ በአፍሽ ትገቢያለሽ። ኮሌጅ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ስለሆነ ግን እስከ ምዝገባ ድረስ በሱ ላይ በርቺ።

የኔ ምክር ተማሪ ነው። ለእህትሽም እንዲህ በያት፦ ለደላላ ልትልኪው ካሰብሽው ሩቡን ለቤት ኪራይና ለቀለብ ላኪልኝ። እህትሽ የሰው ቤት ሥራ ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ እምቢ የምትል አይመስለኝም። ደረጃ አራትን ጨርሰሽ፣ ሠርተሽ ካየሽ በኋላ ዲግሪውን መቀጠል ይቻላል። የመሄድ ሐሳቡ ያን ጊዜም ካልለቀቀሽ፣ ዕድሜሽ ገና ነው።

የምዝገባው ቀን እንዳያልፍሽ፤ ትራንስክሪፕትሽን አሁኑኑ አውጪ። ጋዜጣውን ለአባትሽ የሚያነብላቸው ታናሽ ወንድምሽ ነው ብለሻል። ስለ ወተቱ የጻፍኩትን ሁለት ጊዜ ያንብብላቸው።