ዲናሞው ይዞራል፣ ጠረጴዛው የት አለ?

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ክረምት ሲገባ በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔ ወይም በሺንሺቾ አንዱ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ላይ እስቲ ትንሽ ቆም በሉ። ከቢጫ የዘይት ጄሪካን የተቆረጠ ሲኖትራክ ታያላችሁ። ጎማው ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ተቆርጦ የወጣ ነው፣ አክሰሉ የጃንጥላ ሽቦ። ድሮ እኛ በገመድ ነበር የምንጎትተው። አሁን ግን ራሱ ይሄዳል። ከተበላሸ ዲቪዲ ማጫወቻ የወጣ ዲናሞ፣ ከአሮጌ ኖኪያ የወጣ ባትሪ፣ ሁለት ሜትር የሚሆን ቀጭን ሽቦ፣ የሽቦው ጫፍ ላይ ማብሪያ ማጥፊያ፣ በቃ። ልጁ ከኋላ ከኋላ እየተከተለ ይነዳዋል። ጠጠር ላይ ሲደርስ መኪናው ቀጥ ይላል፤ ልጁ ያነሳዋል፣ የላላውን ሽቦ በጥርሱ ልጦ መልሶ ያስረዋል፣ እንደገና መሬት ያስነካዋል።

አላፊ አግዳሚው ፈገግ ብሎ ያልፋል። እናቱ ከበር ላይ ሆና «አንተ! ደብተርህን ትተህ ቆሻሻ ትለቅማለህ?» ትላለች። ይህ ጽሑፍ ከእናቲቱ ጋር ትንሽ መከራከር ይፈልጋል።

በሌላው ዓለም ይህ ጨዋታ ጢም ያወጡ ሰዎች ሳይቀሩ የሚጠመዱበት የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ሌጎ የተባለው የዴንማርክ ኩባንያ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1932 ሲሆን ዛሬ የምናውቀውን ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ጡብ የፈጠራ መብት ያስመዘገበው በ1958 ነው። በ1977 ማርሽ፣ አክሰልና ቀዳዳ ያላቸው ዘንጎች የሚገኙበትን «ቴክኒክ» የተሰኘ ዓይነት አመጣ። ባለሞተር፣ ባለሪሞት መኪና፣ ክሬንና ታንክ የሚሠሩ ሰዎች የሚጠቀሙት ይህንን ነው። በ2019 የወጣው የሊብሄር ኤክስካቫተር ሞዴል 4,108 ቁራጮችና 7 ሞተሮች አሉት፤ ሪሞቱ ደግሞ የራሳችሁ ስማርት ስልክ ነው። ዋጋው ሲወጣ 450 ዶላር ገደማ ነበር። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ በብር ስንት እንደሚሆን ራሳችሁ አስሉት፣ እኔ ደፍሬ አላሰላሁትም።

ስለዚህ «ለልጆቻችን ሌጎ ይገዛላቸው» አልልም። ግን ከሌጎ የምንሰርቀው አንድ ነገር አለ፤ እሱም ፕላስቲኩ ሳይሆን ልኩ ነው። በ1958 የተሠራ ጡብ ዛሬ ከፋብሪካ ከወጣው ጋር ቀጥ ብሎ ይገጥማል። የቴክኒክ ዘንግ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ሁልጊዜ ከመሐል እስከ መሐል 8 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። ስለዚህ ያልሠራ መኪና ይፈታል፣ በዚያው ዕቃ ሌላ ይገጠማል። የእኛ ልጅ ግን ሚስማር አግሎ በግምት ይበሳል፣ በላስቲክ ያስራል። መኪናው ሲሰበር ዕቃው አብሮት ይሞታል። በሚቀጥለው ክረምት ልጁ ከዜሮ ይጀምራል፤ ጎረቤቱ ያለው ልጅም እንዲሁ። አሥር ዓመት ሙሉ አንድ ሰፈር ውስጥ ያንኑ የመጀመሪያ መኪና እየደጋገምን እንሠራለን ማለት ነው።

ለዚህ ዶላር አያስፈልግም። ቀርከሃ ስንጣቂ ወይም ጠንካራ የፕላስቲክ ቱቦ ውሰዱ፣ በማስመሪያ በየ1 ሴንቲ ሜትሩ ምልክት አድርጉ፣ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ብሎን ልክ ብሱ። የሰፈሩ ልጆች በሙሉ በዚሁ ልክ ከበሱ የአንዱ ቻሲ የሌላውን አክሰል ይቀበላል። ይኸው ነው የራሳችን ጡብ። የሠራችሁትንም በስልካችሁ ፎቶ አንሱና ደብተር ላይ ጻፉት፤ ስንት ጥርስ ያለው ማርሽ፣ የትኛው ሽቦ ከየት እንደገባ። ትናንት የሠራውን ዛሬ መድገም ያልቻለ ሰው ገና አልሠራም።

ወደ ጠጠሩ ልመለስ። መኪናው ለምን ቆመ? ልጁ «ባትሪው ደክሞ ነው» ይላል፣ ሁለተኛ ባትሪ ይጨምርና ዲናሞውን ያቃጥለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ሌላ ነው። የዲቪዲ ዲናሞ በጣም ይፈጥናል እንጂ ጉልበት የለውም። 8 ጥርስ ያለው ትንሽ ማርሽ 40 ጥርስ ያለውን ትልቅ ማርሽ ሲያዞር ትንሹ አምስት ጊዜ ዞሮ ትልቁ አንድ ጊዜ ይዞራል። ፍጥነቱ በአምስት ይቀንሳል፤ በሰበቃ የሚባክነውን ትተን ጉልበቱ አምስት እጥፍ ይሆናል። ሹፌሩ ዳገት ላይ አንደኛ ማርሽ የሚያስገባው ለዚሁ ነው። እና ያቺ ዲስኩን የምታስወጣዋ ትሪ ሥር ያሉትን ነጫጭ ጥርሶች አትጣሏቸው፤ የሚያስፈልጋችሁ እዚያው ዕቃ ውስጥ አለ። ሲኖው ጭነቱን እንዲገለብጥ ከፈለጋችሁ ደግሞ ሁለት ሲሪንጅ ውኃ ሞልታችሁ በቀጭን ቱቦ አገናኙ፤ አንዱን ስትጫኑ ሌላው ይገፋል። ሲሪንጁን ግን አዲስ ያለ መርፌ ግዙ፣ ከጤና ጣቢያ ጀርባ አትልቀሙ።

ሽቦውን አስወግዶ በስልክ መንዳት የሚፈልግ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል፤ አርዱዊኖ የምትባል ትንሽ ቦርድ፣ የሞተር መቆጣጠሪያ (ኤል298ኤን የሚሉት ለመጀመሪያ ይበቃል) እና የብሉቱዝ መቀበያ። ከመርካቶ ሰው ልኮ ማስመጣት ይቻላል። ገንዘቡ እስኪገኝ ቲንከርካድ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ቦርዱን፣ ሽቦውንና ኮዱን በነፃ መሞከር ይቻላል። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ የስልክና የላፕቶፕ ሊትየም ባትሪ እንደ ድሮው የባትሪ ድንጋይ አይደለም። ከተበሳ፣ ሁለቱ ጫፎች ከተነካኩ ወይም በማይሆን ቻርጀር ከተሞላ እሳት ያነሳል። ያበጠ ባትሪ ቤት አታስገቡ።

አሁን ወደ እናቲቱ። ስጋቷ ይገባኛል። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ልጇ ደብተሩን ቢይዝ ትመርጣለች፤ ማንም እናት ትመርጣለች። ግን ከ100 ተፈታኝ 90 ምናምኑ የሚወድቅበት አገር ውስጥ ለወደቀው ልጅ ምን አዘጋጅተናል? በሐዲያና በከምባታ መልሱን ሁሉም ያውቀዋል። ከሃያ ዓመት በላይ መልሱ አንድ ቃል ነው፤ ደቡብ አፍሪካ። ከብት ይሸጣል፣ መሬት ይያዛል፣ ደላላ ይከፈላል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ቴቴ ውስጥ አንድ ኮንቴይነር ተከፍቶ 64 አስከሬን ሲገኝ፣ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ዛምቢያ ሉሳካ ዳር 27 አስከሬን ተጥሎ ሲገኝ፣ የሞቱት ኢትዮጵያውያን መሆናቸው ተነገረ። በዚያ ሰሞን ልጁ መንገድ ላይ ያለ ቤተሰብ ሁሉ ስልኩን በምን ሁኔታ ይዞ እንደነበር ለዚህ አካባቢ ሰው መንገር አያስፈልግም።

የጄሪካን ሲኖ ስደትን ያቆማል አላልኩም፤ እንዲህ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት። የምለው ትንሽ ነው። በእጁ ማሰብ የሚችል ልጅ በ12 ዓመቱ ማንም ሳያስተምረው ዲናሞ እያዞረ ነው፣ በ18 ዓመቱ ግን ያ ችሎታ የትም መዝገብ ላይ የለም። ካርዱ ላይ ያለው የሒሳብ 43 ብቻ ነው።

ጊዜውም ደርሷል። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ከዚያ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና አዲስ አበባን ሞልቷታል፤ ነገ ሆሳዕና ጋራዥ ይገባል። የእውነተኛው መኪና ሞተር ከዲቪዲ ዲናሞ በጣም ይለያል፣ ባትሪውም ሰው የሚገድል ኃይል አለው፣ ማንም ዘሎ አይነካውም። ግን ሰንሰለቱ ያው ነው፤ ባትሪ፣ መቆጣጠሪያ፣ ሞተር፣ ማርሽ፣ ጎማ። ነጭ ጭስና ዘይት እያየ ካደገው መካኒክ ይልቅ ይህ ሰንሰለት የሚገባው ያ ሽቦ በጥርሱ የሚልጠው ልጅ ነው።

ማን ምን ያድርግ? ዩኒቨርሲቲዎች የስቴም ማዕከል እየከፈቱ በክረምት ተማሪ ይቀበላሉ። ጥሩ ነው። ብዙውን ጊዜ ግን የሚጠሩት ከክፍል አንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡትን ነው። የእኛ ባለዲናሞ ሃያ ሰባተኛ ነው የወጣው። ከእያንዳንዱ ትምህርት ቤት አንድ ቦታ «የሠራኸውን ይዘህ ና» ለሚባል ልጅ ቢተው ምን ይጎድላል? የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችንም ቅዳሜ ከሰዓት ወርክሾፓቸው ተቆልፎ ይውላል። አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ካቻቢቴ፣ አንድ ፒንሳ፣ የሽቦ መበየጃና አንድ ቁጭ ብሎ የሚያይ መምህር ከተገኘ ሌላው ዕቃ ከቁራሌው ይገኛል። ኮድ በማስተማር የምናውቃት ቤተልሔም ደሴ ሐረር ላይ የጀመረችው አባቷ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ስለነበረው ነው፤ ኮምፒውተሩ አጠገቧ ነበር። አባቱ ሱቅ ለሌለው ልጅ ሱቁ የከተማው መሆን አለበት።

ደግሞ ያሆዴና መሳላ አሉ። በመስከረም ሁሉም ሰው አገር ቤት ይገባል፣ ከጆሃንስበርግ የመጣውም አይቀርም። አደባባይ ላይ የልጆች መኪና ውድድር ቢደረግ ምናለበት? ሕጉ አጭር ይሁን፤ የተገዛ አሻንጉሊት አይገባም፣ ጠጠር ያለበት ዳገት ይወጣል፣ የተሰበረውን ባለቤቱ ራሱ እዚያው ይጠግናል። ለወንድሞቻቸው ከዱባይና ከደርባን ባለሪሞት መኪና የምትልኩም ልጆች፣ የሚቀጥለውን ጊዜ ብሎን፣ ማርሽና ዲናሞ ላኩ። ያለቀለት መኪና በሦስት ቀን ይሰለቻል፣ ከዚያ መጀመሪያ የሚፈታው ልጅ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

እናንተ ይህን በስልካችሁ የምታነቡት ደግሞ ቤት ውስጥ አቧራ የሚጠጣ ዲቪዲ ወይም ቴፕ አይጠፋችሁም። «ልዋጭ!» ባዩ በር ላይ ሲጮህ በሳህን ከመለወጣችሁ በፊት የሰፈሩን ልጅ ጥሩት። ካቻቢቴውንም አውሱት፣ ይመልሳል።